የሁክ የመብራት ማማ፦ ስምንት መቶ ዓመት ያልተተወ ሥራ

በአየርላንድ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ የሚገኘው የዌክስፎርድ ካውንቲ ከአገሪቱ ክፍሎች ሁሉ ፀሐይ በብዛት ከሚያገኙት አንዱ ነው። ደመናና ዝናብ የለመደው ሕዝብ በበጋ ወራት እንደ ከረክሎ ወዳሉት አሸዋማ ዳርቻዎች የሚጎርፈውም ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዳርቻ በመርከበኞች ዘንድ ለዘመናት የሚታወቀው በአደገኛነቱ ነበር። በተለይ ከካውንቲው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ወደ ባሕሩ ሾልኮ የወጣው የሁክ ምድር ድንጋያማ ነው፤ ማዕበልና ጭጋግም አይለየውም።

በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዚህ ጫፍ መጀመሪያ እሳት ያነደደው ከዌልስ የመጣ ዱቫን የተባለ መነኩሴ ነው። ዛሬ የሚታየው ማማ ግን የኖርማኖች ሥራ ነው። በ1169 እ.ኤ.አ. የኖርማን ጦረኞች ከሁክ ብዙም በማይርቀው በባኖው የባሕር ወሽመጥ አረፉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ዊልያም ማርሻል የተባለው ባላባት ኢዛቤል ደ ክሌርን አግብቶ በእርሷ በኩል የሌንስተር ጌታ ሆነ። በባሮው ወንዝ ዳር ኒው ሮስ የተባለውን የወደብ ከተማም ቆረቆረ። ከተማዋ ከባሕሩ ርቃ ስለምትገኝ መርከቦች የወንዙን መግቢያ ሳይስቱ ካልደረሱ ንግዱ አይቀናም ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማማው የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ግንቡ የተገነባው ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ የግድግዳው ውፍረት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ከታች እስከ ላይ 115 ደረጃዎች አሉት። በታችኛው ክፍል ጣሪያቸው በድንጋይ ቅስት የተሠራ ሦስት ክፍሎች ይደራረባሉ። ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ የተቀረጸው በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ነው። መብራቱን መጀመሪያ የጠበቁት በአቅራቢያው ይኖሩ የነበሩ መነኮሳት ናቸው። ማገዶውን በዚህ ጠባብ ደረጃ እያወጡ፣ በማማው አናት ላይ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ያነዱ ነበር።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አየርላንድ በጦርነት ስትታመስ መነኮሳቱ ስፍራውን ለቀቁ፤ መብራቱም ተቋረጠ። በኋላ ግን እንደገና ተለኮሰ። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የሚነደው ነገር ነው። በ1791 እስከዚያ ይነድ የነበረው የድንጋይ ከሰል ቀርቶ በዓሣ ነባሪ ዘይት የሚሠራ ፋኖስ ተተከለ፤ በ1871 ጋዝ፣ በ1911 ላምባ፣ በ1972 ደግሞ ኤሌክትሪክ ተተካ። መብራቱ በ1996 በራሱ የሚሠራ ሲሆን የመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች ተሰናበቱ። መርከበኞችን በድምፅ ያስጠነቅቅ የነበረው የጭጋግ ጡሩምባም በ2011 ዝም አለ።

ማማው ከ2001 ጀምሮ ለጎብኚዎች ክፍት ሆኗል። እንግዶች መነኮሳቱ ማገዶ ባወጡበት ደረጃ ላይ እየወጡ ክፍሎቹን በአስጎብኚ ይመለከታሉ። ሁክ በዓለም ላይ እስካሁን ከሚያገለግሉት የመብራት ማማዎች እጅግ አሮጌ ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ግንቦች ፈርሰዋል ወይም ለትዝታ ብቻ ቆመዋል፤ ይህኛው ግን ዛሬም በየሌሊቱ ለመርከቦች መንገድ ያሳያል።