በቅጠል ስለ ተጠቀለለው ሩዝ

ሰው ያለፈውን እንዳይረሳ ሐውልት ያቆማል፤ መጽሐፍም ይጽፋል። ቻይናዎች ግን አንድን እውነተኛ መካሪ ለማስታወስ ምግብ ይሠራሉ።

ምግቡ ዞንግዚ ይባላል፤ የሚበላውም በጨረቃ አቈጣጠራቸው በ5ኛው ወር በ5ኛው ቀን ነው። የሚጣበቅ ዓይነት ሩዝ ተዘፍዝፎ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ቅጠል ይጠቀለላል። በሰሜን ቁርቁራ የመሰለ ጣፋጭ ፍሬ፣ በደቡብ የአሳማ ሥጋ ይጨመርበታል፤ ከዚያም በክር ታስሮ ብዙ ሰዓት ይቀቀላል። የኛ ዳቦ የተጋገረበትን የኮባ መዓዛ እንደሚይዝ፣ ሩዙም የቅጠሉን መዓዛ ይይዛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት ቻይና በብዙ መንግሥታት ተከፍላ ትዋጋ ነበር። በቹ መንግሥት ችዩ ዩዋን የሚባል ባለሟልና ባለቅኔ ነበረ። ንጉሡ ኋይ በፊት ይወደው ነበር፤ በኋላ ግን የምቀኞችን ነገር ሰምቶ አራቀው። የቺን ንጉሥ ኋይን ለስብሰባ በጠራው ጊዜ፣ ችዩ ዩዋን የቺን ሰዎች አይታመኑምና አይሂዱ ብሎ መከረ። ንጉሡ ግን የልጁን ምክር መርጦ ሄደ፤ በዚያው ተይዞ በ296 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰው አገር ሞተ። መካሪውም በተከታዩ ንጉሥ ዘመን ተሰደደ። በ278 የቺን ጦር የቹን ዋና ከተማ ያዘ። ችዩ ዩዋንም በዚያ ዘመን ድንጋይ ታቅፎ በሚሉዎ ወንዝ ሰጠመ ይባላል። አሟሟቱን ለምሳሌ አላቀርብም፤ አኗኗሩን እንጂ።

ሕዝቡ ዓሣ ሬሳውን እንዳይበላው ሩዝ ወደ ወንዙ ወረወረ፤ የዞንግዚም መነሻ ይህ ነው ይላሉ። ነገር ግን የመካሪውን ሕይወት የጻፈው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ችየን ስለ ሩዙ አንዳች አላነሣም። ሩዙንና ሰውዬውን አገናኝቶ የሚተርከውን ዉ ጅዩን የሚባል ደራሲ የጻፈው ወደ 800 ዓመት ገደማ ቈይቶ ነው። በእርሱ ትረካ የሟቹ መንፈስ ለአንድ ሰው ተገልጦ፣ የምትጥሉልኝን ሩዝ የውሃ ዘንዶ ይሰርቀዋልና በቅጠል ሸፍናችሁ በአምስት ቀለም ክር እሰሩልኝ አለው። በሱጆ አገር ደግሞ በዚሁ ቀን የሚታሰበው ሌላ ሰው፣ ዉ ዚሹ ነው፤ እርሱም ንጉሡን በእውነት ስለ መከረ በ484 ከክርስቶስ ልደት በፊት እንዲሞት የተፈረደበት ነው።

ብዙ ዘመን ታሪክ ሳስተምር፣ ተማሪዎች ይህን የመሰለ ነገር ሲሰሙ «እንግዲያውስ ተረት ነው» ብለው ሲንቁ አይቻለሁ። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። ሕዝቡ የበዓሉን ምግብ በማን ስም እንብላው ብሎ በመረጠ ጊዜ፣ በንጉሡ ስም አልበላውም፤ ከተማውን በያዘው የጦር አለቃም ስም አልበላውም። በተሰደደው መካሪ ስም በላው። የሩዙ መነሻ ተረት ቢሆን እንኳ፣ ምርጫው እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ፍርድም ነው።

ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ አልተሻረም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ቻይና ቀኑን ሥራ የሚዘጋበት በዓል አደረገችው፤ በ2009 ደግሞ ዩኔስኮ በዓሉን በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሹመት ቢሰጥህ የሚያስደስትህን ሳይሆን የሚያድንህን ምክር ስማ። መካሪ ብትሆንም እውነቱን ተናገር። ጌታህ ባይሰማህ እንኳ፣ ቃልህን በቅጠል ጠቅልሎ ለልጅ ልጁ የሚያቈይ ሕዝብ አለ።