ከመምህራን ማሠልጠኛ እስከ ሚዛን ቤት

በኬሚስትሪ መምህርነት የሠለጠነ ሰው ዕድሜውን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ይፈጃል የሚለው አስተሳሰብ በታሪክ ሲፈተሽ አይጸናም። ሩሲያዊው ኬሚስት ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ የተማረው በሴንት ፒተርስበርግ ዋና የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ተመርቆ በሲምፈሮፖል፣ ቀጥሎም በኦዴሳ አስተማረ። ትልቁ ሥራው ራሱ ከማስተማር ግዴታ የተወለደ ነው። በ1867 በዩኒቨርሲቲ የአጠቃላይ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሲሆን ለተማሪዎቹ የሚመች መጽሐፍ ስላጣ ራሱ መጻፍ ጀመረ፤ ያኔ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በምን ቅደም ተከተል ላቅርብ የሚለው ጭንቀትም በ1869 ወደ ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ አደረሰው። ከ1893 እስከ ዕለተ ሞቱ ደግሞ የሩሲያን የሚዛንና የመለኪያ መሥሪያ ቤት መራ።

እሱ ልዩ ተሰጥዖ የታደለ ስለሆነ ለሌላው መለኪያ አይሆንም የሚል ይኖራል። ተሰጥዖውን ማንም አይክድም። ነገር ግን ለተማሪ ሲሉ እውቀትን መልክ ማስያዝ ፍሬ ያፈራው በእሱ እጅ ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው ስታኒስላኦ ካኒዛሮ በአቶም ክብደት ላይ የነበረውን ውዥንብር ያጠራው በ1858 ባሳተመው፣ በጄኖዋ ይሰጥ በነበረው ትምህርት ንድፍ ነው። ያ ጽሑፍ በ1860 በካርልስሩኸ በተካሄደው የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ ሲታደል፣ ወጣቱ ሜንዴሌቭ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበር።