ኮረሪማ፤ በወጥ ቤትና በመድኃኒት መካከል
የደረቁ ፍሬዎች፣ በገመድ የተሰኩ። ማጂ፣ ምዕራብ ኦሞ።

ኮረሪማን ቅመም ብቻ ብሎ ማለፍ ግማሽ ታሪኩን መተው ነው። ከማጂ እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባለው ደን ውስጥ፣ ቡና በሚበቅልበት በዚያው የዛፍ ጥላ ሥር ይገኛል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ሲደርቅ ይጠቁርና ይጨማደዳል። ቅርፊቱ ሲፈለቀቅ መዓዛው የሚያውድ ጥቃቅን ፍሬ ይወጣል። በበርበሬ፣ በሚጥሚጣና በንጥር ቅቤ ይገባል፤ በባህል ሕክምና ደግሞ ለሆድ መነፋት ይወሰዳል።

ቅመምን ለሆድ ማዋል የአንድ አገር ልማድ አይደለም። በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በተዘጋጀ የመድኃኒት መጽሐፍ የሰፈረው «ሼን ሊንግ ባይ ጁ ሳን» የተባለ ቅምም፣ «ቺ» የሚሉት የሰውነት ኃይል ሲደክም ይመጣል ለሚባል ሥር የሰደደ ተቅማጥ ይታዘዛል። ከጂንሰንግ ጋር የሚገባበት «ሻ ረን» እንደ ኮረሪማ ሁሉ ከዝንጅብል ቤተሰብ ነው።

የተክሎች ዝምድና የፈውስ ማስረጃ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ቢነሳ ትክክል ነው። ኮረሪማ በእኛ ባህል ሆድ ለማለስለስም ስለሚወሰድ፣ የተቅማጥ መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም። ዝምድናው የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ በሁለቱም አገር ሰዎች መዓዛ ያለውን ዘር ከሆድ ጤና ጋር አያይዘውታል። ይህ እውቀት ሊመዘገብና በጥናት ሊፈተን ይገባል፤ የሚበቅልበት ደንም ሊጠበቅ ይገባል።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ግን ቅመም ሳይሆን የጤና ባለሙያ ይሻል።