የወንበር ጠጋኟ ልጅና ደብተሮቹ

በፓሪስ ከተማ፥ ከታወቀው የሶርቦን ትምህርት ቤት ፊት ለፊት፥ በሶርቦን መንገድ ቍጥር 8 አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሻርል ፔጊ ከ1901 ዓመት ጀምሮ መጽሔቱን ያዘጋጅ የነበረው በዚህች ሱቅ ነው። የመጽሔቱ ስም በቋንቋችን «የዐሥራ አምስት ቀን ደብተሮች» ማለት ሲሆን፥ የመጀመሪያው ደብተር በ1900 ዓመት ወጥቶ ነበረ። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የዚህን ሰው ጠባይ ለማወቅ ከእናቱ ሥራ መነሣት ይገባል። ፔጊ በ1873 ዓመት በኦርሌአን ከተማ ተወለደ። አናጢ የነበረው አባቱ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ እናቱም የወንበር መቀመጫ በገለባ እየሠራች አሳደገችው። ልጁ በዚያ ቤት የተማረው የመጀመሪያ ትምህርት፥ ሰው የማያየው የወንበር ወገን ሰው እንደሚያየው ወገን ሁሉ ተጠንቅቆ ሊሠራ እንዲገባው ነው። ይኸውም ደመወዝ እንዲጨመር ወይም ባለወንበሩ እንዲደሰት ሳይሆን፥ ሥራው ራሱ ስለሚጠይቅ ነው። ፔጊ ይህን ነገር በ1913 ዓመት «ገንዘብ» ብሎ በሰየመው ጽሑፉ በናፍቆት አስታውሶታል።

በልጅነቱ ትምህርት ስለ ቀናው መንግሥት እየረዳው እስከ ከፍተኛው የመምህራን ትምህርት ቤት ደረሰ። ነገር ግን የመምህርነቱን ማዕርግ ሳይቀበል ትቶት ወጣ። በዚያ ዘመን ድሬፉስ የተባለ አይሁዳዊ የጦር መኰንን በሐሰት ተከሶ ታስሮ ነበረና፥ ፔጊ ለእርሱ ከተሟገቱት አንዱ ሆነ። በ1898 ዓመት በሚስቱ ገንዘብ የመጻሕፍት መሸጫ ከፈተ፤ ንግዱም ጥቂት ሳይቈይ ከሰረና ገንዘቡ ጠፋ። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ እውነትን ለማንም ሳያዳላ የሚናገር መጽሔት ለማውጣት ተነሣ።

መኖሪያው ከፓሪስ ውጭ ባሉ መንደሮች ስለ ነበረ ወደ ሥራው የሚመላለሰው በባቡር ነው። በሱቁ ውስጥ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከአንድሬ ቡርዥዋ ጋራ የደንበኞቹን መዝገብ ይመለከታል፥ ደብዳቤ ይጽፋል፥ ዕዳውን ያስባል። ሐሙስ ቀን ወዳጆቹ እየመጡ ይከራከሩ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው ግን በእርማት ነው። የብራና ጸሐፊ ስለ አንድ ሐረግ እንደሚጨነቅ፥ እርሱም ስለ አንዲት ነጥብ፥ ስለ ፊደል መጠንና በገጹ ዳር ስለሚቀረው ባዶ ቦታ ይጨነቅ ነበረ። በደብተሩ መጨረሻ ሥራው የማኅበር አባል ለሆኑ ሠራተኞች በተወሰነው ዋጋ እንደ ተከፈለበት ያሳትም ነበረ፤ የፊደል ለቃሚውን ድካም እንደ እናቱ ድካም ያከብር ነበረና።

በእነዚህ ደብተሮች ሮማን ሮላን «ዣን ክሪስቶፍ» የተባለውን ረጅም ታሪኩን ከ1904 እስከ 1912 ዓመት አወጣ። የአርመን ሕዝብ መከራ፥ የሮማንያ አይሁድ ጭንቀት፥ በኮንጎ የደረሰው ግፍም ተጻፈባቸው። ፔጊ ከራሱ አሳብ ጋራ የማይስማማ ጸሐፊን እንኳ ሳያርም በሙሉ ያትምለት ነበረ። ራሱ ግን በወዳጆቹም ላይ ቢሆን ያመነበትን ከመጻፍ አይመለስም፤ ስለዚህ ሶሻሊስቶቹም፥ ምሁራኑም፥ በኋላም ብዙ ወዳጆቹ ተለዩት። የደንበኞቹ ቍጥር ከ1,500 አልፎ አያውቅም። የዚህ ነጻነት ዋጋ ከእርሱ አልፎ ለሚስቱና ለልጆቹ ችግር ሆኖ ተረፈ።

ወደ ክርስትና እምነት ከተመለሰ በኋላ ታላላቅ ግጥሞቹን ጻፈ፤ በ1913 ዓመት የወጣው «ሔዋን» ከ7,000 መሥመር በላይ ነው። እነርሱም የታተሙት በዚያው በድኻው መጽሔቱ ነው። በ1912 ዓመት፥ ልጁ ታሞበት ስለ ነበረ፥ ወደ ሻርትር የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ተሳለመ፤ በ3 ቀን 144 ኪሎ ሜትር ሄደ።

በ1914 ዓመት ነሐሴ ወር ጦርነት በተነሣ ጊዜ የመቶ አለቃ ሆኖ ዘመተ። በመስከረም 5 ቀን በቪልሯ መንደር አጠገብ ወታደሮቹን ሲመራ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ዕድሜው 41 ዓመት ነበረ። ሚስቱ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። እርሱ ያዘጋጃቸው ደብተሮችም ከ200 በላይ ደርሰው በዚያው ዓመት ተቋረጡ።

ገንዘብ አላተረፈም፤ ሹመትም አላገኘም። ነገር ግን ከእነዚያ ደብተሮች አንዱን ዛሬ የሚገልጥ ሰው ፊደሉ ጥርት፥ መሥመሩ ቅን፥ ዳርቻው ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል። እናቲቱ ለወንበሩ ያደረገችውን ልጇ ለቃል አደረገው።