ቆጠራው እንዳይቋረጥ፣ ቤቱም እንዳይበከል፦ ወረርሽኝና የዩኒቨርሲቲ ምርምር ከዳባት አንጻር



የዛሬው ንግግሬ በወረርሽኝ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ምርምር እንዴት በጥንቃቄ ሊመራ እንደሚገባ ይመለከታል። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቤተ ሙከራ ጋር ተያይዞ ነው። እኔ ግን በታሪክ ዓይን ልመለከተው፣ ማስረጃዬንም በአብዛኛው ከዳባት ልወስድ እሻለሁ። የዳባት ምርምር የሚካሄደው በገበሬው ደጃፍ ነውና፣ የጥንቃቄ ጥያቄ ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ ይከብዳል።

አስቀድመን ቆጠራ በሌለበት ዘመን የሆነውን እናስታውስ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። በከተማዪቱ ያለቀው ሰው ከ9,000 እስከ 10,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በገጠሩ ግን ቤት ለቤት እየዞረ ሟቹን የሚመዘግብ ተቋም አልነበረም። መታሰቢያውን ሕዝቡ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠለ እስከ ዛሬ አቆይቶታል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህንኑ ነው። ልማዱ መከራውን ያስታውሰናል እንጂ የሙታኑን ቁጥር፣ ዕድሜና መንደር አይነግረንም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ አካባቢያችን ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚህ ዓይነቱ መከራ የተሰጠ መልስ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ ይልክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ሌላ የወባ ወረርሽኝ የኢትዮጵያን ደጋማ አገሮች አዳረሰ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150,000 ያህል እንደሞቱ ተገምቷል። ያን ጊዜም የነበረን ግምት እንጂ ተከታታይ መዝገብ አልነበረም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የፈንጣጣ ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መጀመሪያ በኢትዮጵያ ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የዘመቻው ሠራተኞች መኪና የማይደርስበትን አገር በእግርና በበቅሎ እየዞሩ በሽታውን መንደር ለመንደር አሰሱ፤ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ተገኘ። ለዛሬው ጉዳያችን ከዚህ ዘመቻ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ሠራተኛው ራሱ አስቀድሞ ስለ ተከተበ ወደ ሕመምተኛው ቤት ሲገባ አይያዝም፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ቤት ሲሄድም በሽታውን ይዞ አይሄድም ነበር። ሁለቱም ወገን የተጠበቀው በአንድ መርፌ ነው።

ወደ ዳባት እንመለስ። ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች ወረዳ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጀመረ። ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ በተመረጡ ቀበሌዎች መረጃ ሰብሳቢዎች በየስድስት ወሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ገባና እንደ ወጣ ይመዘግባሉ። ሞት በተገኘበት ቤት ደግሞ ሐዘንተኛውን ጠይቀው የሟቹን ሕመም ምልክቶች ይጽፋሉ፤ የሞቱን ምክንያት ሐኪሞች ከዚህ ተነሥተው ይወስናሉ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ መሆኑን ስታስቡ፣ የዚህ መዝገብ ዋጋ ይገባችኋል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአዲስ አበባ ተገኘ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የመስክ ምርምር የሚያካሂድ ሁሉ ከባድ ጥያቄ ገጠመው። ቆጠራው ከቀጠለ መረጃ ሰብሳቢው ራሱ በሽታውን ከቤት ወደ ቤት ሊያደርስ ይችላል። ከቆመ ደግሞ ወረርሽኙ ስንት ሰው እንደ ገደለ የሚለካበት ሚዛን ይጠፋል፤ ከወትሮው በላይ የሞተውን ለማወቅ የወትሮው ቁጥርም የዘመኑም ቁጥር ያስፈልጋልና።

በስልክ መጠየቅ እንደ መፍትሔ ቀረበ። ለከተማው ነዋሪ ጠቀመ፤ ስልክ የሌላትን፣ ኔትዎርክ በማይደርስበት ሸለቆ የምትኖረውን መበለት ግን ከመዝገብ ያስወጣታል። ፊት ለፊት መጠየቅም የራሱ ፈተና አለው። በገጠራችን እንግዳ ቤት ገብቶ፣ ቡና ጠጥቶ ነው የሚነጋገረው፤ ለቅሶ ቤት ደጅ ቆሞ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ከቤት ውጭ፣ ተራርቆ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መነጋገርን ሕዝቡ እንደ ንቀት እንዳያየው የቀበሌው ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች አስቀድመው ሊያውቁትና ሊያስረዱለት ይገባል።

ወረርሽኙ ሳያልፍ ጦርነት ደረሰ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መገባደጃ ዳባት ወረዳ የውጊያ ሜዳ ሆነች፤ በጭና ተክለሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎች ቀያቸውን ጥለው ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ተሰደዱ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተዘግቶ የተገኘ ቤት ባለቤቱ ሞቶ፣ ተሰዶ ወይም ዘመድ ጋ ተጠግቶ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ እነዚህን ካልለየ፣ የኋላ ተመራማሪ ባዶውን መስመር «ሞት የለም» ብሎ ያነበዋል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ልደምድም። አንደኛ፣ ጥበቃው ከሁሉ በላይ ለተጋለጠው ይሁን። ዕቅዱን የሚያወጣው ፕሮፌሰር ቢሮ ውስጥ ነው፤ በሽታውን የሚጋፈጠው ግን አነስተኛ ክፍያ የሚያገኘው የቀበሌው ልጅ ነው። ክትባቱ፣ መከላከያውና የሕመም ጊዜ ክፍያው ለእርሱ ሳይሟላ መስክ መላክ አይገባም። ሁለተኛ፣ ማቆም ግድ ሲሆን ሁሉም ሥራ እኩል አይቁም። ሊዘገይ የሚችለው ጥናት ይዘግይ፤ የልደትና የሞት ምዝገባ ግን በአነስተኛ ንክኪ፣ በየቀበሌው ነዋሪ በሆነ መዝጋቢ ይቀጥል። ሦስተኛ፣ ክፍተቱ ራሱ ይመዝገብ፦ የትኛው ዙር በስልክ እንደ ተሠራ፣ የትኛው ቀበሌ እንዳልተደረሰ፣ ለምን እንደ ቀረ በግልጽ ይጻፍ።

ከ1911 ዓ.ም. የገጠር ሙታን ቆጥሮ ያቆየልን የለም። የእኛን ዘመን ሙታን በሚመለከት ግን ሰበብ የለንም፤ መሣሪያውም ልምዱም በእጃችን ነው።