ቁልፍና ግልባጭ፤ ከጌም ቦይ ካርትሪጅ እስከ ሐረር መጻሕፍት

የሐረርን ከተማ የከበበው ጀጎል በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር የታነጸ ግንብ ሲሆን አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከእነዚህ አንዱ በሰሜን በኩል የሚገኘው፣ ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ፈላና በር ነው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ፣ ሲነጋ ይከፈቱ ነበር። ግንቡ ከተማይቱን ከወራሪ ጠብቋል፤ መጻሕፍቷን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገራቸው ግን የገልባጮች እጅ ነው። በብዙዎቹ የሐረር መጻሕፍት ላይ መጽሐፉ ወቅፍ መሆኑን፣ እንዳይሸጥም የሚያሳስብ ጽሑፍ ይገኛል። በገዳማት የብራና መጻሕፍትም ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል የተለመደ ነው። ሁለቱም የሚከለክሉት መጽሐፉን መውሰድን ወይም ማበላሸትን እንጂ መገልበጥን አይደለም። የዘመናችን መሐንዲስ የሚሠራው ቁልፍ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ጨዋታው የሚገኘው በካርትሪጁ ውስጥ ባለ፣ ሮም በሚባል፣ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ማኅደረ ትውስታ ነው። መሣሪያው ሲበራ በቅድሚያ የሚሠራው በውስጡ የተሰወረ የ256 ባይት ፕሮግራም ነው። ይህም በካርትሪጁ የተቀመጠውን የ48 ባይት የኩባንያ አርማ ከራሱ ቅጂ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ መሣሪያው ይቆማል። ፈቃድ የሌለው አምራች አርማውን ካላስገባ ጨዋታው አይሠራለትም፤ ካስገባው ደግሞ በንግድ ምልክት ሕግ ለክስ ይጋለጣል። ስለዚህ ቁልፉ ግማሹ ምሕንድስና፣ ግማሹ ሕግ ነበር። የፕሮግራሙ ሙሉ ይዘት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ቺፑ ተከፍቶ በማይክሮስኮፕ ቢት በቢት ከተነበበ በኋላ ነው።

ሆኖም ይህ ቁልፍ ካርትሪጁን እንዳለ የሚገለብጠውን ሰው አያግድም፤ አርማውም አብሮ ይገለበጣልና። ሥራው የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከካርትሪጁ ሊያነብ የሚችለው 32 ኪሎባይት ብቻ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ ክፍሎቹን የሚያቀያይር ቺፕ አለው። ገልባጩ የክፍሉን ቁጥር እየሰጠ 16 ኪሎባይት፣ 16 ኪሎባይት ያነባል፤ በመጨረሻም ውጤቱን በካርትሪጁ ከተመዘገበው የማረጋገጫ ድምርና ከሌሎች ካርትሪጆች ግልባጭ ጋር ያስተያያል። የድሮው ጸሐፊ ግልባጩን ከሌላ ቅጂ ጋር አስተያይቶ እንደሚያርም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ኒንቴንዶ ዲ ኤስ ግን መሣሪያውና ካርዱ የሚነጋገሩት በምስጢር ኮድ ሆነ፤ ቁልፉ ወደ ንባቡ ራሱ ገባ።

የአምራቾች ሥጋት መሠረት የለውም አይባልም። በአገራችንም ሙዚቀኞች በተባዙ ካሴቶች ምክንያት የድካማቸውን ዋጋ ሲያጡ ኖረዋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም እንዲህ ያለውን በደል ለመግታት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት በተወሰነ ሁኔታ የመገልበጥ ፈቃድ ሰጥቷል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2003 ጊዜ ላለፈባቸው መሣሪያዎች የተዘጋጁ ጨዋታዎችን ቁልፍ ለማለፍ የተወሰነ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። የጉዳቱን ስፋት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ያስረዳል፤ በዚያች አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶ የሚሆኑት በገበያ አይገኙም።

በሐረር አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በራስ ተፈሪ ቤት ባቋቋሙት ሙዚየም መጻሕፍትንና የድሮ ድምፅ ቅጂዎችን ሰብስበዋል፤ የተጎዱትን መጻሕፍት ለመጠገንም ጥንታዊውን የሐረር የመጽሐፍ ድጉሰት ሙያ እንዲያንሠራራ አድርገዋል። እዚህ ላይ ጠባቂው ሌባ ተብሎ አልተጠራም።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በፋብሪካዎቻችን ያሉ አሮጌ መቆጣጠሪያዎች ፕሮግራማቸው የተጻፈው በኢፕሮም ቺፖች ላይ ነው፤ እነዚህም ቺፖች ከብዙ ዓመታት በኋላ የያዙትን ይለቃሉ። ሠሪው ኩባንያ ከጠፋና ግልባጭ ካልተያዘ ማሽኑ የብረት ክምር ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ የሙያ ባልደረቦች ቁልፍ ስንሠራ ወደፊት ማን በሕግ ይከፍተዋል ብለን እንጠይቅ፤ መሣሪያ ስንረከብም የፕሮግራሙን ግልባጭና ሰነዱን በውላችን ውስጥ እናስገባ።