የፖስታ ቀጠናና የቨርናሉ ባንክ

ዕቃን በፖስታ ለሚልክ ሰው ዋጋው በምን ይተመንለት? በክብደቱ ብቻ፣ ወይስ በሚጓዝበት መንገድ ርዝመት ጭምር? ዛሬ በኢንተርኔት የሚነግድ ሱቅ የገዢውን አድራሻ በተቀበለ ቍጥር ይህን ሒሳብ ይሠራል። ሒሳቡ ግን ከኢንተርኔት እጅግ የቀደመ ነው።

ከ1840 በፊት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በብሪታንያ የደብዳቤ ዋጋ ይሰላ የነበረው በወረቀቱ ቅጠል ብዛትና በርቀቱ ነበር። ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ነበር። ሮውላንድ ሂል በ1837 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን አሠራር በቍጥር ሞገተው፤ አንድን ደብዳቤ ከለንደን ኤዲንብራ ለማጓጓዝ የሚወጣው ወጪ የአንድ ፔኒ ሠላሳ ስድስተኛ እጅ ብቻ መሆኑን አሰላ። ገንዘቡን የሚበላው ጉዞው ሳይሆን የየደብዳቤውን ዋጋ መተመኑ፣ መመዝገቡና ከተቀባዩ መሰብሰቡ ነበር። ስለዚህም ከጃንዋሪ 10 ቀን 1840 ጀምሮ ክብደቱ ከግማሽ አውንስ የማይበልጥ፣ ዋጋውም አስቀድሞ የተከፈለበት ደብዳቤ ሁሉ በአገሪቱ ውስጥ በአንድ ፔኒ እንዲደርስ ተደረገ።

ለወረቀት የተገኘው መፍትሔ ግን ለጥቅል ዕቃ የሚበቃ አልነበረም፤ ክብደት በጨመረ መጠን ርቀትም ራሱን ያስከፍላልና። ዩናይትድ ስቴትስ በጃንዋሪ 1 ቀን 1913 የጥቅል ፖስታ አገልግሎት ስትጀምር የአገሪቱን ካርታ ግማሽ ዲግሪ በግማሽ ዲግሪ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፋፈለች፤ ርቀቱም ከማዕዘን ማዕዘን እየተለካ በስምንት ቀጠና ተመደበ። አንደኛው እስከ 50 ማይል፣ ሁለተኛው እስከ 150 ማይል የሚደርስ ሲሆን፣ ስምንተኛው ከ1800 ማይል በላይ ያለው ነበር። አንድ ፓውንድ የሚመዝን ጥቅል በአንደኛው ቀጠና 5 ሳንቲም፣ በስምንተኛው 12 ሳንቲም ይከፈልበት ነበር። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሚዛን፣ ካርታና ሠንጠረዥ ከያዘ በቂው ነው። ይህ ቅለት የሥርዐቱ ታላቅ ምስጋና ነበር፤ ጕድለቱም የተሸሸገው እዚያው ውስጥ ነው። ካርታው ተራራ አያውቅም።

ጕድለቱ በ1916 በዩታ ግዛት ቨርናል በምትባል ትንሽ ከተማ ተገለጠ። ኮልትሃርፕ የተባለ ነጋዴ ለባንክ የሚሆን ሕንፃ ሲያሠራ የፊቱን ጡብ ከሶልት ሌክ ሲቲ ማስመጣት ፈለገ። ሁለቱ ከተሞች በአየር መስመር ቢለካ 125 ማይል ያህል ስለሚራራቁ ሁለተኛው ቀጠና ውስጥ ይወድቃሉ። ታሪፉ ደግሞ ቀደም ብሎ ተሻሽሎ፣ በዚህ ቀጠና ለመጀመሪያው ፓውንድ 5 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፓውንድ 1 ሳንቲም ሆኗል፤ የጥቅሉም ጣሪያ 50 ፓውንድ ደርሷል። እንግዲህ 50 ፓውንድ ጡብ በ54 ሳንቲም ይሄዳል ማለት ነው። ነጋዴው ይህን አስልቶ ጡቡን በየሣጥኑ አሳሸገና በፖስታ አስላከው፤ በተራ ጭነት ከማስመጣት ረክሶለታልና።

የጡቡ መንገድ ግን ሌላ ነበር። በባቡር እስከ ኮሎራዶ ግዛት ይወርዳል፤ ከዚያ በጠባብ ሐዲድ ተራራ ይወጣል፤ በመጨረሻም በእንስሳት በሚጐተት ጋሪ ቨርናል ይገባል። ጠቅላላው ከ400 ማይል በላይ ነው። ለ125 ማይል ተከፍሎ ለ400 ማይል ሲሠራ ልዩነቱን የሸፈነው የመንግሥት ገንዘብ ነበር። ነጋዴውን አጭበርባሪ ማለት ግን አይቻልም፤ የተጻፈውን ታሪፍ አንብቦ ከፍሏል። ፖስታ ቤቱም መስመሩን ከማረም ይልቅ፣ አንድ ላኪ ለአንድ ተቀባይ በቀን ከ200 ፓውንድ በላይ እንዳይልክ ከለከለ።

የቀጠናው አለካክ በመሠረቱ አልተለወጠም። በ1963 የፖስታ መለያ ቍጥር ከተጀመረ ወዲህ ቀጠናውን ለማወቅ የላኪውና የተቀባዩ ቍጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ይበቃሉ፤ የሱቆቹም ፕሮግራም የሚያነበው ይህንኑ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ያሰለቸው ነጋዴ ለሁሉም ገዢ አንድ ዋጋ ይቈርጣል፤ ያን ጊዜ የጎረቤት ገዢ ለሩቁ ገዢ መንገድ ሳያውቅ ያዋጣል። የኮልትሃርፕ ሕንፃ ዛሬም ቨርናል ውስጥ ቆሟል።